ሳንቃው ከመንደዱ በፊት

የማሽላው አገዳ ከየማሳው ተሰብስቦ በየጓሮው በተከመረበት በጥር ወር፣ ፀሐይ ከዞብል ተራራ ራስ ብቅ ብላ የቆቦን ሜዳ ማሞቅ በጀመረችበት የማለዳ ሰዓት፣ አንድ የሰፈራችን ወጣት ቁመቱ ሁለት ክንድ የሚሆን የባሕር ዛፍ ጣውላ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ደጃፌ መጣ። ጣውላው ከተሰነጠቀ ሳምንት ያልሞላው እርጥብ ነበርና ሽታው ከተሸካሚው ቀድሞ ደረሰኝ። ልጁ ሰላምታውን ካቀረበ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ከዚህ ጊታር ልሠራ አስቤአለሁ፤ ጭን ላይ አጋድመው፣ በክሩ ላይ ብረት እያንሸራተቱ የሚጫወቱትን ዓይነት። እንጨቱ ይሆነኛል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው በአንድ ቃል የሚመለስ መስሎ ቢታይም፣ እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳወጣና ሳወርደው የሰነበትሁት ስለ ሆነ፣ መልሱን ለእርሱ ብቻ ሳይሆን እንደ እርሱ ላሉት ሁሉ፣ ይልቁንም አሮጌ እንጨት በየጓሮአቸው ላከማቹ ወላጆች ጭምር በዚህ ጋዜጣ ላይ ላቀርበው ወደድሁ።

አሳቤም በአጭሩ ይህ ነው፦ የዜማ መሣሪያ የሚሠራበት እንጨት ከገበያም ሆነ ከጫካ ከመፈለጉ አስቀድሞ፣ ለእሳት ተብሎ በየቤታችን ከተደረደረው አሮጌ እንጨት መካከል ሊፈለግ ይገባዋል፤ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ደግሞ ዛሬውኑ ዋንዛ ሊተከልላቸው ይገባል።

ነገሩ ትንሽ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊን በ10ኛው ምዕራፍ ላይ ገልጦ ይመልከት። የኪራም መርከቦች ከኦፊር ወርቅ ጭነው በተመለሱ ጊዜ የሰንደል እንጨትም እጅግ ብዙ አድርገው እንዳመጡ፣ ንጉሥ ሰሎሞንም ያንኑ እንጨት ለቤተ እግዚአብሔርና ለቤተ መንግሥቱ ሥራ ካዋለው በኋላ ለመዘምራኑ መሰንቆና በገና እንዳሠራበት በዚያ ተጽፎ እናገኛለን። ጠቢቡ ንጉሥ ለመቅደሱ የመረጠውን እንጨት ለመዘምሩ እጅ አልነፈገውም፤ ለቤተ መንግሥት ሌላ፣ ለበገና ሌላ ብሎ የከበረውን ከተራው አልለየም። ከዚህ የምንማረው፣ ድምፅ የሚያወጣ እንጨት ቤት ከሚያቆመው እንጨት በክብር እንደማያንስ ነው።

ወጣቱ ያነሣው የጭን ጊታርም የራሱ ታሪክ አለው። በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል በሚገኙት በሐዋይ ደሴቶች፣ በ1889 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ጆሴፍ ኬኩኩ የተባለ ወጣት በጊታር ክሮች ላይ ብረት እያንሸራተተ ድምፁን እንደ ሰው ልቅሶና እንጉርጉሮ የሚያስረዝምበትን ዘዴ እንደ ጀመረ ይነገራል። ያ ስልት ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ፣ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ኸርማን ቫይሰንቦርን የተባለ ሠሪ በሎስ አንጀለስ ከተማ በጭን ላይ የሚጋደሙ ጊታሮችን ሠራ፤ ከሠራቸውም ውስጥ ዛሬ ድረስ የሚፈለጉት ከሐዋይ በመጣው «ኮአ» በተባለ እንጨት የተሠሩት ናቸው። ኮአ ማለት ደግሞ የግራር ወገን የሆነ ዛፍ ነው! የሐዋይ ሰዎች ይህን ዛፍ ታንኳ ይጠርቡበት ነበር እንጂ በመጀመሪያ ለጊታር ብለው አላሳደጉትም፤ ጊታር ወደ አገራቸው በመጣ ጊዜ ግን እጃቸው የለመደውን፣ ጠባዩን ከአባቶቻቸው የተማሩትን እንጨት አነሡ። የኮአን ዘመድ ከዋጃ እስከ ሮቢት፣ ከጎብየ እስከ ዞብል ግርጌ ድረስ የምናየው እኛ ግን ግራርን ስናስብ ቀድሞ ወደ ልቡናችን የሚመጣው የከሰል ጆንያ ነው።

አሁን ወደ እንጨቱ ጠባይ እንግባ። ክር ብቻውን ሲመታ የሚያንቀሳቅሰው አየር እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ድምፁ ከተጫዋቹ ጆሮ አያልፍም። በክራርና በበገና ላይ የክሩ ንዝረት ክሮቹን በሚሸከመው በርኩማ አልፎ ወደ ተወጠረው ቆዳ ይወርዳል፤ ቆዳውም የድምፁ ሣጥን በሆነው ገበቴ ውስጥ የታመቀውን አየር ያናውጠዋል፤ ያን ጊዜ ድምፁ ቤቱን ይሞላል። ስለዚህ ገበቴው ቀላልና ደረቅ፣ ሁለቱ ቋሚ ምሰሶዎች የማይጣመሙ፣ በላይ የሚጋደመው ቀንበር ደግሞ የክሮቹን ጉተታ ሳይጎብጥ የሚሸከም ሊሆን ይገባል። በአንድ ጣውላ ላይ የሚሠራው የጭን ጊታር ቆዳና ገበቴ የለውም፤ ሆኖም ከራሱ እስከ በርኩማው ብዙ ጊዜ ከ57 እስከ 63 ሳንቲ ሜትር በሚደርስ ርዝመት ላይ ስድስት የብረት ክሮች ሌት ተቀን ይጎትቱታል። ጣውላው በሥንዴ ቅንጣት ያህል እንኳ ቢጎብጥ ቅኝቱ ይወርዳል፤ ቅኝቱ ከወረደ ደግሞ ባቲው ባቲ፣ አምባሰሉም አምባሰል አይሆንም። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ በወሎ ስፍራዎች ስም የሚጠሩ ናቸውና፣ ለእኛ ለወሎዎች የቅኝት መውረድ የስማችን መጥፋት ያህል ሊሰማን ይገባል።

በአካባቢያችን ያሉትን ዕፀዋት በዚህ መስፈርት አንድ በአንድ ብንመረምራቸው፣ እያንዳንዱ ለአንድ ተግባር የተፈጠረ ሆኖ እናገኘዋለን። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ የማገዶንና የቤት ሥራን ችግር ያቃለለ ባለውለታ ነው፤ በጥድፊያ ስለሚያድግ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ጫፍ ጫፉም ይሰነጠቃል፤ ለዓመታት በጥላ ካልተቀመጠ በቀር የዜማ ሥራ አይሰጠውም። ግራር ጠንካራና ከባድ ስለ ሆነ ለመቃኛና ለቀንበር ይመቻል፤ ለገበቴ ግን ክብደቱ ድምፅን ያፍናል። ቁርቁራ፣ ፈረንጆቹ የዕፀዋት ሊቃውንት በስሙ ላይ የክርስቶስን እሾህ ያስታወሱበት ይህ የቆላ ዛፍ፣ ልቡ ጥብቅ በመሆኑ ቢላ በቀስታ የሚቀርጸው መልካም መቃኛና በርኩማ ይወጣዋል። ወይራም እንዲሁ ነው፤ ጢሱ ጋንና ቅል የሚታጠንበት፣ ዱላው ለሽማግሌ እጅ የሚገባ ይህ ዛፍ፣ ክር ሲጠመዘዝበት የማይላላና የማይሸረሸር በመሆኑ ከመቃኛ እንጨቶች ሁሉ ይበልጣል። ሾላ፣ ዘኬዎስ ጌታን ለማየት የወጣበት ዛፍ፣ ጥላው ለሸንጎ፣ ፍሬው ለእረኛ የተሰጠ ነው፤ እንጨቱ ግን ለስላሳ ስለ ሆነ ነቀዝ ይወደዋል፣ የተበሳው ቀዳዳም ቶሎ ይሰፋል። ጥድና ዝግባ ከወደ ላስታ ደጋ የሚመጡልን ቀጥ ያሉ እንጨቶች ናቸው፤ ጥድ ምስጥን በመዓዛው የሚያባርር ቢሆንም ምስማር ሲመቱበት በቁመቱ ይሰነጠቃልና አስቀድሞ በመሰርሰሪያ ሊበሳ ይገባዋል።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል ግን አክሊሉን የሚደፋው ዋንዛ ነው። ዋንዛ ሲጠረብ ለመሮና ለመላጊያ ይታዘዛል፤ ሲደርቅ እምብዛም አይጣመምም፤ ከባድም ቀላልም ሳይሆን በመካከለኛው ላይ የቆመ ነው፤ ልቡ ቀላ ያለ ቡናማ በመሆኑ ያለ ቀለም ያምራል። አባቶቻችን ከበሮ፣ ሙቀጫ፣ ገበቴ፣ የንብ ቀፎና የቤት መዝጊያ ከእርሱ ማበጀታቸው በአጋጣሚ አይደለም። ከበሮ የሚሆን እንጨት ስለ ድምፅ የመሰከረ እንጨት ነው፤ ሙቀጫ የሚሆን እንጨት ስለ ትዕግሥት የመሰከረ እንጨት ነው።

የዛፉ ዓይነት ቢመረጥም ሥራው ገና እኩል ነው፤ የቀረው እኩሌታ ድርቀት ነው። እርጥብ እንጨት ውኃውን ሲለቅ ይሸበሸባል፤ የውጪው ከውስጡ ቀድሞ ሲደርቅ ደግሞ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይሰነጣጥቀዋል። ከባሕር ወለል በላይ ከፍታው ከ1,400 ሜትር ጥቂት በሚበልጠው በቆቦ ሜዳ ላይ፣ የበጋው ፀሐይና ደረቁ ነፋስ ይህን ነገር ከደጋው ይልቅ ያፈጥነዋል። ስለዚህ አዲስ የተሰነጠቀ ጣውላ ሁለቱ ጫፎቹ በሰም ወይም በበሬ እበት ተለቅልቀው፣ በየመካከሉ ነፋስ እንዲያልፍ ቀጫጭን እንጨት ገብቶ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጥላ ሥር ሊደረደር ይገባዋል፤ የሥራው አዋቂዎችም ለአንድ ጣት ተኩል ውፍረት ቢያንስ አንድ ዓመት ይሰጡታል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአበው ቃል ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

እኔም በዚያ ወጣት ዕድሜ ሳለሁ ትዕግሥት አጥቼ ያደረግሁትን አልረሳውም። ከሆርማት ወንዝ ዳር የተቆረጠ እርጥብ ሾላ ለገበቴ ፈልፍዬ፣ ገና ውኃው ያልተመጠጠ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቀንበር አድርጌ፣ የፍየል ቆዳ ወጥሬ ክራር አበጀሁ። ለጥምቀት ደስ የሚል ድምፅ ሰጠኝ፤ በዐቢይ ጾም አጋማሽ ቀንበሩ እንደ ደጋን ጎበጠ፤ ለትንሣኤ አንሥቼ ልቃኘው ብል ገበቴው ከጠርዙ እስከ ሆዱ ተሰንጥቆ አገኘሁት። በስንጥቁ ውስጥ ጣቴን ሳስገባ ውስጡ አሁንም ርጥበት ነበረው። እናቴ ሰባራውን ወስዳ በምድጃው ከመጨመሯ በፊት ለደቂቃ ያህል በእጇ ይዛው ዝም ብላ አየችው፤ ያ ዝምታ ከማንኛውም ተግሣጽ ይልቅ አስተማረኝ።

እንግዲህ ደረቅ እንጨት ከየት ይምጣ? መልሱን አባቶቻችን በመሣሪያው አካላት ስም ውስጥ ትተውልናል። የበገናችንን ብልቶች ስሞች ልብ ብለን እንመልከት፦ የድምፁ ሣጥን ገበቴ ይባላል፤ ገበቴ እናቶቻችን ሊጥ የሚያቦኩበት ዕቃ ነው። ሁለቱ ቋሚዎች ምሰሶ ይባላሉ፤ ምሰሶ ቤቱን ያቆመው ነው። በላይ የሚጋደመው ቀንበር ይባላል፤ ቀንበር በበሬ ጫንቃ ላይ ያረፈው ነው። ክሮቹን የሚሸከመው በርኩማ ይባላል፤ በርኩማ የምንቀመጥበት ዱካ ነው። ሊቃውንቱ ለአውታሩ የግዕዙን ስም ሲያስቀሩለት፣ እንጨቱን ግን በጓዳና በእርሻ ስም ጠሩት። እኔ ይህን ስያሜ እንደ መመሪያ አድርጌ እቀበለዋለሁ፤ መዝሙሩ የሚወጣው ከቤቱ ዕቃ እንደ ሆነ የሚያስረዳ ነውና።

ነገሩም በሥራ ሲታይ እውነት ነው። ሠላሳና አርባ ዓመት በቤት ውስጥ የቆመ ምሰሶ፣ ጥቀርሻ የለበሰ ማገር፣ ከንፈሩ የተሸረፈ ገበቴ፣ ማጠፊያው የተነቀለ ሳንቃ፣ ሊጣመም የነበረው ተጣምሞ፣ ሊሰነጠቅ የነበረው ተሰንጥቆ ያለፈ ነው። ከክረምት ርጥበት ወደ በጋ ሐሩር ስንት ጊዜ ተመላልሶ ጠባዩን ጨርሷል፤ የምድጃው ጢስም ነቀዝን አርቆለታል። ገዝተን ብናደርቀው ብዙ ዓመት የሚፈጅብንን ነገር አያቶቻችን በኑሮአቸው አድርቀው አኑረውልናል። ይህን እንጨት ለአንድ ቀን ድግስ ወጥ ማብሰያ ስናደርገው፣ የተቃጠለው የአርባ ዓመት ትዕግሥት ነው።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ አልዘነጋሁም። «ድኻ በማገዶ እየተቸገረ ስለ ክራር እንጨት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። ማገዶ የሚያስፈልግ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን የእኛው የራያ ገበሬ የማሽላ አገዳን ለእሳት የሚያውል አስተዋይ ነው፤ ባሕር ዛፍም ለዚህ ተተክሏል። የምለምነው እሳቱ እንዲቀር ሳይሆን፣ እንጨቱ ወደ እሳት ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ በጣት እንዲንኳኳ ነው። ሌላው ደግሞ፣ «ክራር ከቆርቆሮ ሣህንም ይሠራል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ጊታር ድምፁን የሚያገኘው በማግኔት ነው፤ እንጨቱ ምን ያደርግለታል?» ይላል። የቆርቆሮውን ክራር አልንቀውም፤ ብዙ ልጅ ጣቱን ያፍታታው በእርሱ ነው። ማግኔቱም በእውነት የክሩን ንዝረት ይሰማል እንጂ እንጨቱን እንደ ቆዳ አያስጮኸውም። ነገር ግን ክሩን ወጥሮ የያዘው እንጨቱ ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሪከንባከር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የጭን ጊታርን ከአሉሚኒየም አውጥቶ ለኤሌክትሪክ ጊታር መንገድ ከፈተ፤ ብረቱ ግን በመድረክ መብራት ሙቀት ሲለጠጥ ቅኝቱ እንደሚያስቸግር ተጫዋቾቹ አወቁት። የመድረክ መብራት ያስቸገረውን ብረት፣ የቆቦ የግንቦት ፀሐይ ምን ሊያደርገው እንደሚችል አንባቢ ይፍረድ።

ስለዚህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፣ አሮጌ ቤት የሚያፈርስና በቆርቆሮ ክዳን፣ በብረት በር የሚተካ ሁሉ፣ መዝጊያውንና ምሰሶውን ከመፍለጡ በፊት ለአናጢ ወይም የዜማ ዕቃ ለሚሠራ ወጣት ያሳይ። ሁለተኛ፣ አናጢዎቻችን ከሥራቸው የተረፈውን የዋንዛ ቁራጭ ከባሕር ዛፉ ፍልጥ ለይተው በጥላ ያስቀምጡት፤ ለገበቴ ያነሰው ለማሲንቆ ሣጥን፣ ለማሲንቆ ያነሰው ለበርኩማ ይበቃል። ሦስተኛ፣ ትምህርት ቤቶች ልጆችን በእጅ ሥራ ጊዜያቸው እንጨትን በክብደቱ፣ በመስመሩ፣ በጉጡና በድምፁ እንዲለዩ ያስተምሩ፤ ይህ ዕውቀት መጽሐፍ የማይጠይቅ፣ ሁለት ቁራጭ እንጨትና አንድ ጣት ብቻ የሚበቃው ትምህርት ነው።

አራተኛውና ዋናው ግን መትከል ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቁረጥን መከልከሉ፣ እነዚህ ዛፎች ምን ያህል እንደ ተመናመኑ በራሱ ይመሰክራል። ክልከላ ያለውን ይጠብቃል እንጂ የሌለውን አያበቅልም። ዋንዛ የቆላውን ሙቀት የሚችል፣ ነጭ አበባው ንብ የሚጠራ፣ ቢጫ ፍሬው ለሕፃን የሚጣፍጥ፣ ቅጠሉ ለምድር ጥላ የሚሆን ዛፍ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ግቢ፣ በየመስጊዱ አጥር፣ በየትምህርት ቤቱ ሜዳና ጎርፍ ተጠልፎ በሚጠጣው የእርሻ ድንበር ላይ አንዳንድ ዋንዛ ብንተክል፣ ዛሬ ክራር የሚፈልገው ልጅ አይደርስበትም፤ የልጁ ልጅ ግን ይደርስበታል። አያቶቻችን ለእኛ ያደረጉት ይህንኑ አይደለምን?

ወደዚያ ወጣት ልመለስ። በዚያው ዕለት ከእርሱ ጋር ወደ አንዲት ጎረቤታችን ግቢ ሄድን። ቤታቸው በቅርቡ በብረት በር የታደሰ ሲሆን፣ አሮጌው የሳንቃ መዝጊያ ለልጃቸው ሠርግ ማገዶ እንዲሆን ከአጥሩ ሥር ተደግፎ ነበር። ጥቀርሻ ወርሶት ዓይነቱ አይለይም። ልጁን፣ «አንኳኳው» አልሁት። አስቀድሞ በትከሻው ያለውን ባሕር ዛፍ በጣቱ አጥንት መታ፤ ድምፁ እዚያው ጠፋ። ከዚያም ሳንቃውን መታ፤ ድምፁ ጠራ ብሎ ወጣና ጥቂት ቆየ። ልጁ ደግሞ መታው፤ ሦስተኛም መታው። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ ምንም አልጠየቀኝም።

እትዬ መዝጊያቸውን ለመስጠት አላመነቱም፤ «ባለቤቴ በሙሽርነቴ ያሠሩት በር ነው፤ ይዘፍን እንደሆን ይውሰደው እንጂ ምን አለ» አሉ። ልጁም እጅ ነሥቶ ሳንቃውን ተሸከመ፤ የመጣበትን እርጥብ የባሕር ዛፍ ጣውላ ደግሞ በሳንቃው ቦታ ከአጥሩ ሥር አጋደመው፤ የሠርጉ ማገዶ አልጎደለም። ከሰዓት በኋላ በእኔ መላጊያ የመጀመሪያውን ገፈፍ ሲገፍፍ፣ ከጥቁሩ ጥቀርሻ ሥር ቀላ ያለው የዋንዛ ልብ ወጣ።